ሳጅን አስማረ የፈረደብኝ ሁለት ወር

የሳጅን አስማረን ሞት የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። እንደ መርዶም አልነገረኝም፤ ተዘግቶ የቆየ መንገድ እንደተከፈተ አድርጎ ነው የነገረኝ። ከፒያሳ ወደ ቀሐ እየወረድን ነበር። የድሮ ትምህርት ቤቴ በር ላይ ያለው መስቀለኛ መንገድ ስንደርስ ፍሬን ሳይነካ ሰንጥቆ አለፈና፣

«ድሮ እዚህ ጋ እንዲህ አይታለፍም ነበር» አለ።

«አሁን ምን ተገኘ?»

«አልሰማሽም እንዴ? ቀይ መብራት ሞተ። ትናንትና ተቀበረ።»

ዞሬ መስቀለኛውን አየሁ። ሹፌሩ ግን ዝም የሚል ዓይነት አልነበረም።

«ቀብሩ ላይ የከተማው ባጃጅ ሁሉ ነበር።»

«ሊያለቅስ?»

«ሊያረጋግጥ» አለና ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማዕረግ እንደሚቆጥር ሰው ቀና ብሎ፣ «እኔን ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ከሶኛል» አለኝ።

ቀይ መብራት የሚለውን ስም ያወጡለት ሹፌሮቹ ናቸው። መስቀለኛው ላይ አንድ የትራፊክ መብራት ተተክሎ ነበር። የተመረቀ ዕለት በራ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ሲበራ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። በመብራቱ ፈንታ ሳጅን አስማረ ቆመ። ሹፌሮቹ «ሲሠሩት አረንጓዴውን ረስተውታል» ይሉት ነበር። አጭር፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጫማው አቧራ ቢጠጣም ነጭ እጅጌው የማይቆሽሽ ሰው ነው። ሲቆጣ አይጮኽም። ጣቱን ያነሣና ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተሰለፈውን ሁሉ ያቆማል። ከዚያ ጥፋተኛውን የመቅጣቱን ሥራ ለተሰላፊው ይተውለታል።

በማግስቱ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም «ሸጋ ሰው ነበር» ይላል። ከሞተ ወዲያ ሸጋ ያልተባለ ሰው ጎንደር ውስጥ አላውቅም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ሳጅን አስማረ ሸጋ አልነበረም። ግትር ነበር። ነገረኛ ነበር። ምሳውን ሲበላ «እንብላ» የሚለው የመጨረሻውን ጉርሻ ካነሣ በኋላ ነው። ግን ሰው ፊት መቆምን ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ሚስቱ እትዬ ዓለምነሽ ከሴቶቹ መሀል ሆና ስታየኝ ቆየችና በእጇ ጠራችኝ።

«የቅርጫቷ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። እግዜር ያጥናዎት።»

«ሁልጊዜ ያነሣሽ ነበር።»

«ቅርጫት ኳስ ስላሠለጠነኝ ነው። በፖሊስ ቡድን አምስት ዓመት ተጫውቻለሁ ይለን ነበር።»

በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አስለቀስኳት ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር።

«ተጫወትኩ አላችሁ? ተቀመጥኩ ቢል ነው የሚሻለው። አምስት ዓመት ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። አንድ ቀን ሰው ተጎዳና አስገቡት። ሕዝቡ ሲጮኽበት ጊዜ ኳሱን ለዳኛው አቀበለና ወጣ።» ዓይኗን ጠረገች። «ያን ሰሞን ነው ትራፊክ ልሁን ብሎ ያመለከተ።»

ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ አንድ ቀን እንኳን አልሰማውም ነበር። ሰው የሚሰማው የቻለበትን ሰው ነው ብዬ አምን ነበራ።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ በትምህርት ቤታችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ኳስ ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ቦታው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፦ አራቱ ይሮጣሉ፣ አንዷ ታስባለች። ኳሱን ከራሷ ቅርጫት ሥር እያነጠረች ታወጣለች፣ ለማን እንደምትሰጥ ትወስናለች፣ ነገር ከተበላሸ እሷ ትሰደባለች። የተመረጥኩት በችሎታ አይደለም፤ ቁመቴ ለሌላ ቦታ ስላልበቃ ነው። ብቻዬን ስሆን ኳሱ እጄ ላይ የተሰፋ ነበር የሚመስለው። ሰው ሲያየኝ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። የዚያ ዓመት የዞን ውድድር ፍጻሜ ላይ ሁለት ልጆች ሲያፍኑኝና ተመልካቹ ሲጮኽ ኳሱን አቅፌ ቆምኩ። ለማንም አልሰጠሁም፣ አልወረወርኩም፣ ቆምኩ ብቻ። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ኳሱን ለእነሱ ሰጣቸው። እንደገና ሲመጣልኝ እንደገና ቆምኩ። ተሸነፍን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትዕግሥት የሚለው ስሜ ቀርቶ «ሐውልቷ» ተባልኩ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ የስፖርት መምህራችን ቡድኑን ሰብስቦ፣ ሁሉም እየሰማ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ዘንድሮ የሚያሸንፈው ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል። አንዴ ከደረቅሽ ቦታሽን ለብርቱካን እሰጣታለሁ፤ አንቺም እዚሁ ትቀሪያለሽ። ተግባባን?»

ብርቱካን ረጅሟ ጓደኛዬ ናት። ኳስ ማንጠር አትወድም፤ ማውራት ነው የምትወደው። «ቲቸር፣ እኔ ቦታዋን አልፈልግም» አለችና ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «ባሕር ዳርን ግን እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ሳጅን አስማረ በምሳ ሰዓት ከመስቀለኛው ተሻግሮ ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ይቀመጥ ነበር። የሚመጣው ለጥላው እንጂ ለእኛ አልነበረም። የመስቀል ሰሞን አንድ ቀን ስንለማመድ ሁለት ልጆች ገጥመውኝ ኳሱን ሲነጥቁኝ አየ። የምሳ ዕቃውን እየጠረገ፣

«ምነው ልጄ፣ መንገዱን ለማን ሰጠሽው?» አለኝ።

«የምን መንገድ?»

«የቆምሽበትን።»

«ሁለት ሆነው መጡብኝ እኮ።»

«እኔ ላይ በቀን ስንት የሚመጣብኝ ይመስልሻል?»

«እርስዎማ ፊሽካ አለዎት።»

«ስምሽ ማነው?»

«ትዕግሥት።»

«ማን አወጣልሽ?»

«እናቴ።»

«ተስፋ አድርጋ ነው» አለና የምሳ ዕቃውን ከደነ። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ኳስሽን ይዘሽ መስቀለኛው ላይ ነይ።»

ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። መሄድ ያለብኝ ቦታ ሁሉ ስለሚሰለቸኝ መሄድ የሌለብኝን መምረጤ ይሆናል። የእግረኛው መንገድ ጫፍ ላይ፣ እሱ ከሚቆምበት ስድስት እርምጃ ያህል ርቄ እንድቆም አደረገኝ።

«ምን ላድርግ?»

«ቁሚ።»

«እስከ መቼ?»

«ማየት እስኪሰለቻቸው።»

ዩኒፎርም ለብሶ፣ ኳስ ታቅፎ፣ መንገድ ዳር ዝም ብሎ የቆመን ሰው ጎንደር በዋዛ አያልፈውም። «አበደች እንዴ?» አለ አንዱ። «የማን ልጅ ናት?» አለ ሌላው። አንዲት ሴትዮ «እግዜር ይማርሽ ልጄ» ብለው ሙዝ ሰጡኝ። በላሁት። በአራተኛው ቀን ማንም አላየኝም፤ እንደ ስልክ እንጨቱ ሆንኩ። ሳጅን ይህን ሲያይ፣ «አሁን አንጥሪ» አለኝ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። እኔ ሳነጥር ጀርባውን ሰጥቶኝ መኪና እያሳለፈ በድንገት ይጠይቀኛል።

«ከአዘዞ በኩል ምን መጣ?»

«ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ አይሱዙ።»

«አይሱዙው ምን ጭኗል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው አልመጣም በይ።»

ኳሱን ካየሁ መኪናው ያመልጠኛል፤ መኪናውን ካየሁ ኳሱ ቦይ ይገባል። ቦይ የገባ ኳስ የማወጣው ራሴ ነኝ። በሦስተኛው ሳምንት ኳሱን ማየት ተውኩ። ክላክስ ሲነፋብኝ ስደነግጥ ደግሞ፣ «ክላክስ መኪና አይደለም» ይለኛል። «የሚገጭሽ መኪናው ነው። ክላክሱን ለሹፌሩ ተይለት፣ የሱ በሽታ ነው።»

አንድ ፊሽካ ከነፋ፣ የትም ልሁን የት፣ ኳሱን በሁለት እጄ ይዤ ቀጥ እላለሁ። ሁለት ከነፋ እንቀሳቀሳለሁ። እንደ ሚኒባስ ማለት ነው። ይህች የፊሽካ ነገር በኋላ ምን እንዳመጣችብኝ እናገራለሁ።

ሲፈራ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። የአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ፒክአፕ አልቆምም ብሎ እግሩ ሥር ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣

«ውስጥ ማን እንዳለ ታውቃለህ?» አለው።

«ውስጥ ማን እንዳለ አላውቅም። ፍሬን እንዳለ ግን አውቃለሁ» አለና መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው።

ሰዎቹ እየተሳደቡ ሲሄዱ ወደ እኔ ዳር መጣ። ግራ እጁን ከጀርባው ደብቆት ነበር። እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ሳጅን፣ ፈርተዋል እንዴ?»

«አዎ።»

«አይመስልም ነበር።»

«እንዲመስል ማን ፈቀደለት?» አለኝና ተመልሶ ቆመ።

ሁሉም ነገር በዚህ ሊቀጥል ሲገባ ወሬው እናቴ ጋ ደረሰ። እናቴ የደባርቅ ገጠር ልጅ ናት፤ ሆስፒታሉ ካፌ ውስጥ ወጥ ትሠራለች። አንዲት ጎረቤት፣ «ልጅሽን ትራፊክ ይዟት፣ መንገድ ዳር ኳስ እያስመታ ይቀጣታል» አለቻት። ሌላ እናት ብትሆን «ምን አጠፋሽ?» ብላ ትጠይቀኝ ነበር። በእኛ አገር ግን ፍርድ የያዘው ሰው እያለ ጥፋተኛን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። እናቴ ምንም ሳትለኝ አድራ በማግስቱ ሽማግሌ ላከች።

ኳሴን እያነጠርኩ ቀና ስል ሦስት ሽማግሎች በእግረኛው መንገድ ይመጣሉ። ጎረቤታችን አያ ፈንታ፣ የእድራችን ዳኛ አያ ውበቱ፣ መሀላቸው ደግሞ መስቀል የያዙት የነፍስ አባታችን። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላ ትከተላለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ፈቃደኛ ነበርኩ። ሳጅን ሽማግሌ ሊሻገር ነው ብሎ ፊሽካውን ነፋና መኪናውን ሁሉ አቆመላቸው። እነሱ ግን አልተሻገሩም። መሀል መንገድ ላይ፣ እሱ ፊት ደርሰው ቆሙ። መንገዱ የተዘጋው ለእርቁ ክብር መስሏቸዋል።

«ጌታው፣ ስለ ልጅቷ ነው የመጣን» አሉ አያ ፈንታ። «ልጅ ናት፣ አጥፍታለች። ለእኛ ሲሉ፣ ለመስቀሉም ሲሉ ይማሯት።»

ሳጅን ወደ እኔ ዞረ። ወደ እናቴም አየ። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና መስቀሉን ተሳለመ።

«አባቶቼ፣ ጥፋቷን ታውቃላችሁ?»

«ሽማግሌ ሊያስታርቅ እንጂ ሊመረምር አይመጣም» አሉ አያ ውበቱ።

«እንግዲያው ልንገራችሁ። ይህች ልጅ አደራ ይሰጧታል። ሰው ሲጮኽባት አደራዋን ታስነጥቃለች።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። የነፍስ አባታችን «አደራ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸስ ከባድ ነው።»

«ከባድ ነው አባቴ። እኔ ዓመት ልፈርድባት ነበር። እናንተን ካየሁ ወዲያ ግን ሁለት ወር ይበቃታል። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ፣ ከኳሷ ጋር።»

ሽማግሎቹ ራስ ለራስ ተጠጋግተው ተመካከሩ። ከኋላ መኪናው እስከ ታችኛው ሱቅ ድረስ ተሰልፏል።

«ቅዳሜንስ?» አሉ አያ ውበቱ።

«ቅዳሜም።»

«እሑድን ለእግዜር ይተውላት።»

«እሑድን ትቻለሁ።»

«እንግዲያው ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ከታረቃችሁ እንለፍ?» አለ።

እናቴ ከዚያ በፊት ቅርጫት ኳስ ስላት «ሴት ልጅ ምን አዘለላት?» የምትል ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን «ተነሽ፣ ፍርድሽ አይለፍሽ» እያለች ታስወጣኛለች። ጉንፋን ይዞኝ ልቅር ብላት፣ «ሽማግሌ የገባበት ነገር ነው፣ አታዋርጅን» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ግን ነግሬያት ምን ላገኝ? ቤት ልቀር፣ ወጥ ላማስል። ፍርዴን መረጥኩ።

ሳጅንን ግን ጠየቅሁት። «እርስዎ ሽማግሌ ፊት ዋሹ እኮ፣ ሳጅን።»

«ምኑ ነው ውሸቱ? ኳሱ አደራ አይደለም?»

«ልምምዱን ቅጣት አደረጉት።»

«ታዲያ ሽልማት መስሎሽ ነበር?»

የተፈረደብኝ ሁለት ወር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚያችን ዓምና ያሸነፈን ያው ትምህርት ቤት ነው። ጨዋታው በእኛ ሜዳ ሆነ፤ ሁለቱም ቅርጫት ያለው ሜዳ የእኛ ብቻ ስለነበር። ሳጅን ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ሊያየኝ ቃል ገብቶ ነበር። ነገር ግን ጨዋታውን ሊያዩ የተጠሩ እንግዶች ስለበዙ መኪናቸውን የሚያሳልፍ ሰው ያስፈልጋል ተባለና መስቀለኛው ላይ እንዲቆም ታዘዘ። ሰው ሁሉ እኛን ሊያይ ስለመጣ አሠልጣኜ ሊያየኝ አልቻለም።

ከሜዳውና ከመስቀለኛው መሀል ያለው አንድ የድንጋይ አጥር ነው። ይህን ማናችንም ልብ አላልነውም።

ጨዋታው ተጀመረ። ኳሱን ተቀበልኩ፣ አነጠርኩ፣ ቀና አልኩ። ሁለቱ ልጆች መጡብኝ። አልፈራሁም። ሦስተኛዋ ስትመጣ ግራዬ ክፍት መሆኑ ታየኝ። ላልፍ ስል ከአጥሩ ማዶ ሳጅን ፊሽካውን ነፋ።

ቀጥ አልኩ። ኳሱን በሁለት እጄ ይዤ።

ያነጠርሽውን ኳስ አንዴ በሁለት እጅሽ ከያዝሽው እንደገና ማንጠር አይፈቀድልሽም። ሦስቱ ከበውኝ ወሰዱት። ተመልካቹ «ሐውልቷ» ብሎ ጮኸ። ቀጣዩን ኳስ ይዤ መሀል ስደርስ የአንድ እንግዳ መኪና መጣ መሰለኝ፣ ሳጅን ነፋ፤ ቆምኩ። እንደገና ነፋ፤ እንደገና ቆምኩ። እግሬ እኔን አይጠይቀኝም፤ ሁለት ወር ሙሉ የሰማው እሱን ነው። የስፖርት መምህራችን ጭንቅላቱን ይዞ ይዞራል። ዕረፍት ስንወጣ አሥራ ስምንት ለዘጠኝ ይመሩናል።

«ብርቱካን፣ ተዘጋጂ» አለ መምህራችን።

«ቲቸር፣ ፊሽካው ነው» አልኩት።

«የቱ ፊሽካ? ዳኛው መች ነፋ?»

ብርቱካን ከሁላችን ቀድማ ገባት። «የሳጅንን ፊሽካ እየሰማች ነው የምትቆመው» አለችና፣ ማንም ሳይልካት፣ በበሩ ወጥታ ሮጠች። ስትመለስ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ነገርሽው?» አልኳት።

«ነገርኩት።»

«አልነፋም አለ?»

«‹መኪናውን በምን ላቁመው፣ በዘፈን?› አለኝ።» ጉልበቷን ይዛ ትንሽ ተነፈሰች። «ደግሞ፣ ‹ፊሽካ የሚነፋው ለሚያየኝ ሰው ነው፤ እሷ አሁን ታየኛለች?› በያት ብሎሻል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ሂጂ አለኝ፣ መንገድ ዘጋሽ ብሎ።»

መምህራችን ሰዓቱን አየ። «አምስት ደቂቃ ትገባለሽ። አንዴ ብትደርቂ ብርቱካን ናት።»

ብርቱካን ልትዋሽ ትችል ነበር። ጥፋቱ ሁሉ የትዕግሥት ነው ብላ ዝም ብትል ቦታው የሷ ነው። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጆሮዬ ሳይሆን ዓይኔ ያቁመኝ።

የመጀመሪያው ፊሽካ ሲነፋ እግሬ ሊቆም ፈለገ። ዳኛውን አየሁት፤ እጁ ወርዷል። አለፍኩ። ሁለተኛው ሲነፋ አላየሁም እንኳን፤ አለፍኩና አገባሁ። ልቤ ሞላ። ሦስተኛው ሲነፋ ሁሉም ቆመው እኔ ብቻ እየበረርኩ ሄጄ ለብቻዬ ሳገባ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ።

«ይኸኛው የዳኛው ነበር» አለችኝ ብርቱካን።

ከዚያ ወዲያ አየሁ። እየሰማሁ ሳይሆን እያየሁ ተጫወትኩ። ለእገሊት ልስጥ፣ እገሊት ደክሟታል፣ ያቺኛዋ ከግራ ስትመጣ ትዘገያለች፤ ሁሉም ከአዘዞና ከፒያሳ የሚመጣ መኪና ሆነው ታዩኝ። አምስት ደቂቃው አለፈ፤ መምህራችን አላስወጣኝም። ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ሲቀረው ሠላሳ እኩል ነበርን። ልገባ ስል አንዷ እጄን መታችኝ፤ ዳኛው ነፋ። አየሁት፤ እጁ ተነሥቷል። ቆምኩ። ሁለት የቅጣት ውርወራ ሰጠኝ።

መስመሩ ላይ ቆምኩ። እንግዲህ ይህን ቦታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማንም አያፍንሽም፣ ማንም አይነካሽም። ሁሉም ጸጥ ብሎ አንቺን ያያል። ከአጥሩ ማዶ እንኳን ድምፅ ጠፋ። ሳጅን አስማረ ጩኸትን እንጂ ጸጥታን አላስተማረኝም። ሰውነቴ ሁሉ ያንን የዓምናውን ሊሆን ጀመረ። ወረወርኩ። ኳሱ ቀለበቱን እንኳን አልነካም።

«ሐውልቷ» አለ አንዱ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለነበር የባሰ ተሰማ።

ሁለተኛውን ኳስ ዳኛው ሰጠኝ። ቅርጫቱን ማየት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ከቅርጫቱ በላይ አየሁ። በአጥሩ አናት ላይ የአንድ አይሱዙ ጭነት ቀስ እያለ ያልፋል፤ ጆንያ በጆንያ ላይ የተደረደረ፣ አናቱ ላይ ሁለት ሰዎች የተኙበት።

«አንድ አይሱዙ፣ ከሳንጃ፣ ሰሊጥ ጭኗል» አልኩ። ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት።

«ምን አለች?» አለች ከጎኔ የቆመችው የተጋጣሚያችን ልጅ።

«ተያት፣ ነክቷታል» አለቻት ጓደኛዋ።

ወረወርኩ። ቀለበቱ ላይ አንዴ ነጠረና ገባ።

የቀሩት ስድስት ሰከንዶች ምን እንደሆኑ አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ትልቅ ሰውዬ ከእንግዶቹ መሀል ተነሥተው ሰርተፍኬት ሲሰጡኝና ስሜን ሲጠይቁኝ ነው። ከዚያ ልጆቹ ተሸክመውኝ በበሩ ወጡ። ሳናስበው መስቀለኛው መሀል፣ ሳጅን አስማረ ፊት አወረዱኝና መዝፈን ጀመሩ። ላብ አጥምቆት ነበር።

«አሸነፍን፣ ሳጅን።»

«ስንት ለስንት?»

«ሠላሳ አንድ ለሠላሳ።»

«አንዱን ስተሻል። ‹ኤጭ› ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጸጥ ሲሉብኝ ነው የሳትኩት።»

የራሱን ጥፋት እንደሚመዘግብ ሰው፣ «እሱን አላስተማርኩሽም» አለ። ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «በሉ ወደ ዳር ውጡ። መንገድ ዘግታችኋል።»

ልጆቹ እየሳቁ ወጡ። ብርቱካን ክንዴን ጎተተችኝ። እኔ አልወጣሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ አልፈለገም፣ እኔም አላስገደድኩትም።

«አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ ሳጅን።»

ሳጅን አስማረ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በሕይወቱ አንድ ሰው አልንቀሳቀስም ብሎት የማያውቅ ሰው ነው። እንደሚከሰኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው ውኃ ልጠጣ» አለና መሀሉን ለእኔ ትቶ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ዳር ሄደ።

ይህ በሕግ አይፈቀድም። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። የእንግዶቹ ላንድክሩዘር ከትምህርት ቤቱ በር ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ሰርተፍኬቱን የሰጡኝ ሰውዬ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከፒያሳ በኩል ደግሞ ሕዝብ የሞላበት ሚኒባስ እየወረደ ነው። የላንድክሩዘሩ ሹፌር ሲያየኝ ክላክሱን ነፋ። ሚኒባሱን ላስቀድም እጄን አነሣሁ። እንደገና ነፋ፤ አላወረድኩም።

ቆመ።